የሲሊንደር ግድግዳ ጭረት፦ ማዕዘኑ፣ ጥልቀቱና ወሰኑ

ጥያቄ፦ «ባለ 3ኤል (የቶዮታ) ናፍጣ ሞተር ሚኒባስ አለኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራል። ዘይት ስለሚበላ ሞተሩ ወርዶ ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት) ተቀየረለት። ፒስተኖቹና ሲሊንደሮቹ የቀድሞዎቹ ናቸው። መካኒኩ የሲሊንደሮቹን ግድግዳ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ገጠመው። ሦስት ወር ሳይሞላ ሰማያዊው ጭስ ተመለሰ። አሁን አንዱ ቶርኖ ቤት ግድግዳው ላይ የተጠላለፈ ጭረት በ45 ዲግሪ መሠራት አለበት ይላል፤ ሌላው 22 ዲግሪ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ጭረት ፋሻ ስለሚበላ ግድግዳው እስኪያብረቀርቅ መወልወል አለበት ይላል። ማንን ልመን? ጭረቱ ጠለቅ ቢል ዘይት ይዞ ፋሻውን አያተርፍም? ሞተሩን ሳላወርድ በእጅ መሰርሰሪያ ማሠራትስ እችላለሁ?»

ምላሽ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባለሙያዎች የሚናገሩት ስለ አንድ ሥራ ነው። ሦስተኛው ተሳስቷል።

45 ያለው ሰው የለካው ሁለቱ ጭረቶች ሲቋረጡ በመካከላቸው የሚፈጠረውን ማዕዘን ነው። 22 ያለው ደግሞ አንዱ ጭረት ብቻውን ከአግድም መስመር ምን ያህል እንደሚነሣ ለክቶ ነው። አንዱ ጭረት ወደ ቀኝ 22.5 ዲግሪ፣ ሌላው ወደ ግራ 22.5 ዲግሪ ሲነሣ በመካከላቸው ያለው 45 ይሆናል። ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት «ከየት እስከ የት ለክተህ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱን ካላገኙ ሥራው ሊበላሽ ይችላል፤ 45 የሚለውን ቁጥር ሰምቶ እያንዳንዱን ጭረት ከአግድም 45 ዲግሪ የሚያነሣ ሰው በመካከላቸው 90 ዲግሪ የሆነ፣ ከታሰበው እጥፍ የቆመ ጭረት ይሰጥዎታል። ከዚህ በኋላ «ማዕዘን» ስል በሁለቱ ጭረቶች መካከል ያለውን ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሰው ሐሳብ። የሚያብረቀርቅ ግድግዳ ለዓይን ያምራል፤ ለፋሻ ግን ጠላቱ ነው። 3ኤል ሞተር ፒስተኑ የሚወጣና የሚወርድበት ርቀት 96 ሚሊሜትር ነው። በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከር ፒስተኑ በአማካይ በሰከንድ 9.6 ሜትር ይጓዛል፤ ያም ሆኖ በእያንዳንዱ ሰከንድ 100 ጊዜ ይቆማል፣ ላይና ታች ሲደርስ። በሚሮጥበት ቦታ ፋሻው ዘይቱን እየገፋ በቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ይንሳፈፋል። በሚቆምበት ቦታ፣ በተለይም ከላይ፣ ነዳጁ በሚቃጠልበት ሰዓት፣ ሽፋኑን የሚፈጥረው እንቅስቃሴ የለም፤ ብረት ከብረት ሊገናኝ ይቃረባል። ያን ጊዜ የሚያድነው ቀድሞ በጭረቱ ውስጥ የቀረው ዘይት ነው። ግድግዳው ጨርሶ ከተወለወለ ዘይቱ የሚያርፍበት ቦታ የለም። በዚያ ላይ አዲስ ፋሻ ከግድግዳው ጋር የሚላመደው ጥቃቅን ጫፎች ፊቱን በስሱ ሲያስተካክሉት ነው። በተወለወለ ግድግዳ ላይ ይህ መላመድ አይፈጸምም፤ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወደ ላይ ያልፋል። የእርስዎ መኪና ላይ የደረሰው በከፊል ይህ ይመስለኛል።

ጭረቶቹ ተቋርጠው እንዲያልፉ የሚደረግበት ምክንያት አለ። አንድ ጭረት ሌላውን ሲቆርጥ ሁሉም ቦዮች እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ዘይት ከሞላበት ወደ ጎደለበት ይሄዳል። ሁለቱ አቅጣጫዎች በብዛትም በጥልቀትም እኩል መሆን አለባቸው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የበዛ ጭረት ፋሻውን ወደ አንድ ጎን እየገፋ ያሽከረክረዋል። ፋሻ በሥራ ላይ ቀስ ብሎ መዞሩ ጤናማ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ እየተገፋ ሳያቋርጥ መዞሩ ግን ፋሻውንም በፒስተኑ ላይ ያለውን ማረፊያውንም ይበላል።

ማዕዘኑ በጣም ሲተኛ፣ ማለትም ጭረቶቹ ወደ አግድም ሲቃረቡ፣ ፋሻው በየጊዜው ከጉዞው ጋር የሚጋጠም ደረጃ ያገኛል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ዘይቱም ወደ ታች መፍሰሻ አጥቶ ግድግዳው ላይ ይበዛል። የበዛው ዘይት ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል። ማዕዘኑ በጣም ሲቆም ደግሞ ዘይቱ ፈጥኖ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ግድግዳው ደረቅ ይሆናል፣ የፋሻው መዞርም ይፈጥናል። ለብረት ሲሊንደርና ለመደበኛ ፋሻ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ማዕዘን ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ለዚህ ነው። ለ3ኤል እኔ ከ45 እስከ 50 ያለውን እመርጣለሁ። በአንዳንድ ዘመናዊ የአውሮፓ ናፍጣ ሞተሮች ላይ እስከ 140 ዲግሪ የሚደርስ የቆመ ጭረት አለ፤ ይህን አይቶ «አዲሱ ይሻላል» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይከተሉት። እነዚያ ሞተሮች የመወጠር ኃይሉ ዝቅተኛ የሆነ ቀጭን ፋሻ፣ እጅግ አነስተኛ ሻካራነትና በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን በአንድነት ታቅደውላቸው የተሠሩ ናቸው። ማዕዘኑን ብቻ ነጥሎ ወደ አሮጌ ሞተር ማምጣት አይቻልም።

«ጠለቅ ቢል ይሻላል» የሚለው ሐሳብዎ ብዙ ሰው የሚስማማበት ነው፤ ግን ትክክል አይደለም፤ እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው። ፋሻ ዘይት ላይ የሚንሳፈፈው ከሥሩ ግፊት ስለሚፈጠር ነው። ቦዩ ጥልቅና ሰፊ ከሆነ ያ ግፊት በቦዩ በኩል ያመልጣል፤ የዘይቱ ሽፋን ይቀጥናል። ከዚህም ሌላ ቦዩ ውስጥ የተቀመጠው ዘይት ለቃጠሎው ሙቀት የተጋለጠ ስለሆነ ጥልቀት በጨመረ ቁጥር የሚቃጠለው ዘይት ይጨምራል። ጥልቅ ጭረት በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ በሁለቱ ጠርዞቹ ላይ የተቀደደና የታጠፈ ብረት ይቆማል፤ ያ ብረት ተሰብሮ ከዘይቱ ጋር ይዞራል።

ስለዚህ ጥሩ ግድግዳ አንድ ዓይነት ሻካራነት ያለው አይደለም። ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነው፦ ከላይ ጫፋቸው የተቆረጠ ሜዳማ ቦታዎች፣ በመካከላቸው ደግሞ ቀጫጭን ቦዮች። ሜዳው ፋሻውን ይሸከማል፣ ቦዩ ዘይቱን ይይዛል። ይህ የሚገኘው ሆኒንግ በሚባለው የድንጋይ ሥራ በሁለት ደረጃ ነው፤ መጀመሪያ ሻካራ የሞረድ ድንጋይ ቦዩን ይቆፍራል፣ ቀጥሎ ደቃቅ ድንጋይ በጥቂት ምልልስ ጫፎቹን ብቻ ይቆርጣል። ሁለተኛው ደረጃ ከተዘለለ ሞተሩ ራሱ ሥራውን ይሠራዋል፤ ነገር ግን የሚቆርጠው በፋሻዎቹ ነው፣ የተቆረጠው ብረትም ወደ ዘይቱ ይገባል።

ይህን ለመለካት አንድ ቁጥር አይበቃም። ብዙ ቶርኖ ቤቶች አማካይ ሻካራነትን ብቻ ይጠቅሳሉ፤ ነገር ግን ጫፉ የሾለ ግድግዳና ጫፉ የተቆረጠ ግድግዳ ተመሳሳይ አማካይ ሊያሳዩ ይችላሉ፣ በሥራ ላይ ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም። አይኤስኦ 13565-2 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ (በ2021 እ.ኤ.አ. በአይኤስኦ 21920-2 ተተክቷል) ለዚህ ሲባል ግድግዳውን በሦስት ከፍሎ ያየዋል፦ ከላይ ያሉት ጫፎች፣ መካከለኛው ተሸካሚ ክፍልና ከሥር ያሉት ቦዮች። ለእንደዚህ ያለ ሞተር በግምት ጫፎቹ ከ0.3 ማይክሮን የማይበልጡ፣ ተሸካሚው ክፍል አንድ ማይክሮን አካባቢ፣ ቦዮቹ ደግሞ ከ1 እስከ 2.5 ማይክሮን ቢሆኑ ጥሩ ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ጥፍርዎን ሲያሳልፉበት የሚይዝዎ ጭረት እንግዲህ ከልኩ ብዙ ያለፈ ነው። መለኪያ መሣሪያው የሌለው ቶርኖ ቤት የድንጋዮቹን ቁጥርና የምልልሱን ብዛት ጠብቆ በመሥራት ወደዚህ መቃረብ ይችላል።

ማዕዘኑን የሚወስነው ድንጋዩ አይደለም፤ የሁለት ፍጥነቶች ንጽጽር ነው፦ ድንጋዮቹን የያዘው መሣሪያ የሚዞርበትና ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስበት። የምልልሱ ፍጥነት ለዙሩ ፍጥነት ሲካፈል የማዕዘኑን ግማሽ ታንጀንት ይሰጣል። የእርስዎን ሞተር እንውሰድ። የሲሊንደሩ ዲያሜትር 96 ሚሊሜትር ነው። መሣሪያው በደቂቃ 100 ዙር ቢዞር ድንጋዩ በግድግዳው ላይ በደቂቃ ወደ 30 ሜትር ይሄዳል። 45 ዲግሪ ለማግኘት የላይና የታች ጉዞው በደቂቃ 12.5 ሜትር መሆን አለበት። መሣሪያው በአንድ ጊዜ 130 ሚሊሜትር የሚጓዝ ከሆነ ይህ በደቂቃ 48 ሙሉ ምልልስ ነው፤ ይቻላል። ዙሩ 200 ሲሆን 96 ምልልስ ያስፈልጋል፤ ለእጅ ከባድ ነው። ብዙ ሰው የሚይዘው የእጅ መሰርሰሪያ ግን በደቂቃ 1,000 ዙርና ከዚያም በላይ ይዞራል። በዚያ ፍጥነት በደቂቃ 60 ጊዜ ቢመላለሱ የሚያገኙት ማዕዘን 6 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ጭረቱ ተኝቶ ክብ መስመር ይመስላል። በብርጭቆ ወረቀት ማሸትም ከዚህ አይሻልም፤ እጅ ክብ እየዞረ ስለሚያሽ የሚቀረው አግድም ወይም ሥርዓት የሌለው ጭረት ነው።

የምልልሱ ጫፍም ትኩረት ይፈልጋል። መሣሪያው አቅጣጫ ሊቀይር ሲል የላይና የታች ፍጥነቱ ይጠፋል፤ ዙሩ ግን ይቀጥላል። በዚያ ቦታ ጭረቱ ይተኛል። ድንጋዩ ከሲሊንደሩ ጫፍ የራሱን ርዝመት ሩብ ወይም ሲሶ ያህል አልፎ እንዲመለስ የሚደረገው ለዚህ ነው። ከላይ ያለው ክፍል የላይኛው ፋሻ የሚቆምበት፣ ዘይት እጅግ የሚያስፈልግበት ቦታ ስለሆነ እዚያ ላይ የተኛ ጭረት መተው ከሥራው ሁሉ ዋናውን ማበላሸት ነው።

ሞተሩን ሳያወርዱ ማሠራት? አይሆንም። ኮሎው (የፒስተኖቹን ምልልስ ወደ ዙር የሚቀይረው ዘንግ) በቦታው እያለ መሣሪያው ከታች በኩል ማለፍ አይችልም፤ ከዚህ የከፋው ግን ከድንጋዩና ከብረቱ የሚወጣው ዱቄት ወደ ታች ወርዶ ኮሎውና ብሮንዚኖቹ (ኮሎው የሚዞርባቸው ማረፊያዎች) ላይ መቀመጡ ነው። በጨርቅ ሸፍነን እንሠራለን የሚል ሰው ይኖራል። ጨርቅ ያን ዱቄት አያቆመውም። የዘይት ፍጆታ ለማዳን ብለው የሞተሩን ታችኛ ክፍል መጨረስ ትርፉ ምንድን ነው?

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር እንዲገባዎት እፈልጋለሁ፦ ጭረት ቅርጽ አያስተካክልም። የእርስዎ ሲሊንደር አዲስ ፋሻ ሲገባለት የተለካ አይመስልም፤ ቢያንስ በጥያቄዎ ውስጥ ልኬት አልጠቀሱም። ሲሊንደር ሲያረጅ ከላይ በኩል ይሰፋል፣ እንቁላልም ይመስላል። የዲያሜትሩ መስፋት 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ቢሆን የፋሻው አፍ፣ ማለትም በሁለት ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት፣ በ0.31 ሚሊሜትር ይከፈታል፤ ዙሪያው ዲያሜትሩ በ3.14 ሲባዛ ነውና። ፋሻው ከላይ ሲደርስ ይከፈታል፣ ከታች ሲደርስ ይጠባል፤ በዚህ ዓይነት ከየትኛውም ጭረት ጋር ሊላመድ አይችልም። በስፕሪንግ የሚገፉ ባለ ሦስት እግር ድንጋዮችና ጫፋቸው ላይ ክብ ክብ ድንጋይ ያለባቸው ብሩሾች የግድግዳውን ቅርጽ እየተከተሉ የሚሄዱ ናቸው፤ የተበላሸውን ቅርጽ እንደተበላሸ አድርገው ያስጌጡታል። ቅርጽ የሚያስተካክለው ድንጋዮቹ በቋሚ ልክ የሚከፈቱበት ጠንካራ መሣሪያ ነው፤ መስፋቱ ካለፈ ደግሞ ሲሊንደሩን በቢላ የሚያሰፋው ቦሪንግ ማሽን ብቻ።

ለዚህ ነው መጀመሪያ ልኬት የምለው። ባለ ሰዓት የውስጥ ዲያሜትር መለኪያ ይዞ እያንዳንዱን ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ፣ በኮሎው ትይዩና በተሻጋሪ መለካት። ከ4 ሲሊንደር 24 ቁጥር ይወጣል። ቁጥሮቹን ተጽፈው ይቀበሉ፤ «ደህና ነው» የሚል የቃል መልስ አይቀበሉ። በሠሪው መመሪያ ከተቀመጠው ወሰን ካለፉ ሲሊንደሮቹ ሁሉ ሰፍተው ትልቅ ልክ ፒስተንና ፋሻ ይገባላቸዋል። ሲሰፉም ቦሪንግ ማሽኑ ሙሉ ልኩ ላይ መድረስ የለበትም፤ ከዲያሜትሩ ከ0.06 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ለድንጋዩ ይቅር። የቦሪንግ ቢላ የቀደደውን የላይኛውን ንጣፍ ድንጋዩ ጠርጎ ማውጣት አለበት።

ድንጋዩ የደነዘዘ ወይም ከልክ በላይ የተገፋ እንደሆነ ሌላ ችግር ይመጣል። የሲሊንደር ብረት በውስጡ የግራፋይት ቅንጣቶች አሉት፤ ግራፋይት በራሱ የሚያለሰልስ ነገር ነው። የደነዘዘ ድንጋይ ብረቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይለጥጠዋል፣ የተለጠጠው ብረት ግራፋይቱን ይሸፍነዋል። ከላይ ሲያዩት ጭረቱ ያለ ይመስላል፤ ሥራው ግን ሞቷል። ስለዚህ የተሳለ ድንጋይ፣ ቀላል ግፊትና ሳይቋረጥ የሚፈስ የሆኒንግ ዘይት ያስፈልጋል። ለክሮም ወይም ለተራ ብረት ፋሻ ቁጥር 220 ድንጋይ፣ ለሞሊብዲነም ፋሻ ቁጥር 280፤ ከዚያ በሁለቱም ላይ በቁጥር 400 ጥቂት ምልልስ፣ ጫፎቹን ለመቁረጥ ያህል ብቻ። ፋሻው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ካርቶኑ ላይ ይታያል፤ ገዝተው ለቶርኖ ቤቱ አብረው ይስጡ።

ይህ ሁሉ ለብረት ሲሊንደር ነው። ኒካሲል በተባለ የኒኬል ሽፋን የተለበጠ ወይም ሲሊኮን በበዛበት አሉሚኒየም የተሠራ ሲሊንደር ላይ እነዚህን ድንጋዮች ማስገባት ሽፋኑን ወይም ገጹን ማጥፋት ነው። በክሮም የተለበጠ ሲሊንደር ላይም የክሮም ፋሻ አይገባም። ሌላ መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት ካለዎት ይህን ምክር በቀጥታ አይውሰዱበት።

ከድንጋዩ በኋላ የሚመጣው እጥበት ብዙ ጊዜ ይናቃል፤ ብዙ ሞተርም በእርሱ ይሞታል። ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ዘይቱን ያጥባል እንጂ የድንጋዩን ዱቄት ከቦዩ አያወጣውም፤ እንዲያውም ጠልቆ እንዲገባ ያግዘዋል። የሚያወጣው ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ጠንካራ ብሩሽ ነው፤ ደጋግሞ። ከዚያ ደርቆ ወዲያው ዘይት ይቀባ፤ የታጠበ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ይዝጋል። በመጨረሻ ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ያሳልፉ። ጨርቁ ከጠቆረ እጥበቱ ይደገማል። ይህን ፍተሻ ራስዎ ቆመው ይዩ።

ማዕዘኑንም ራስዎ መለካት ይችላሉ። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ እንዲቀመጥ አድርገው ሁለት የሚቋረጡ ጭረቶችን በቀጭን እስክሪብቶ ተከትለው ይሳሉ፤ ፕላስቲኩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በተማሪ ፕሮትራክተር ይለኩት። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ሦስት ቦታ ያድርጉት። ከ40 በታች ወይም ከ60 በላይ ካገኙ ሥራውን አይቀበሉ።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ጭሱ በእርግጥ ከሲሊንደሩ መሆኑን ያረጋግጡ። 3ኤል ተርቦ ስለሌለው ከዚያ በኩል አይጠረጠርም። ጭሱ ጠዋት ሲነሣ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቭ ጎማዎቹን ያስፈትሹ፤ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ብቻ በማውረድ የሚያልቅ ሥራ ነው። ዳገት ላይ የሚብስ ከሆነና የዘይት መጨመሪያው ክዳን ሲከፈት ጋዝ በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ጉዳዩ የፋሻና የሲሊንደር ነው። ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት) ሲለካም አንድ ነገር ይታሰብ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጤነኛ ሞተርም ከመመሪያው ቁጥር በሩብ ያህል ያነሰ ያሳያል። ቁጥሩ ማነሱ ብቻውን ሞተር አያስወርድም፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ያስወርዳል።

ምርመራው ሲሊንደሩን ካመለከተ ምክሬ ይህ ነው። ሞተሩ ይውረድ፣ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፣ ይለካ። ከወሰኑ ካለፈ ሁሉም ሲሊንደር ሰፍቶ ትልቅ ልክ ፒስተን ይግባለት፤ በወሰኑ ውስጥ ከሆነ በጠንካራ መሣሪያ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ በሁለት ደረጃ ተሠርቶ አዲስ ፋሻ ይግባለት። አሁን ያሉትን ፋሻዎች መልሰው አያስገቡ፤ በተወለወለው ግድግዳ ላይ ፊታቸው ቅርጹን ይዟል። በሁለቱም መንገድ ብርጭቆ ወረቀት ሲሊንደሩ አጠገብ አይድረስ።

ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ እንደ ልማዱ ቆሞ ሰዓታት እንዲሠራ አያድርጉት። ፋሻን ግድግዳው ላይ የሚጫነው የቃጠሎው ግፊት ነው፤ ቆሞ በዝግታ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ጭረቶቹ በዘይት ቅሪት ተደፍነው ግድግዳው እንደገና ይለሰልሳል። ከሞቀ በኋላ መካከለኛ ጭነት ይዞ፣ ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ እያደረገ መንገድ ላይ ይውጣ። ለመጀመሪያው ጊዜ ተራ የማዕድን ዘይት ይጠቀሙ፤ 500 ኪሎ ሜትር ሲሞላው ዘይቱንም ፊልትሮውንም ይቀይሩ።